በዓይኔ በብረቱ

ልየው ባንኮኒው ላይ፣ ከሰንሰለት ዘይት፣ ከቡሎን ካርቶን ጎን፣
ያለ የሌለውን መነጽር ዘረጋልን።
የዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ሁሉም አማረኝ፤
ይልቁን ጥቁሩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ሌላ ሰው ሲያስመስለኝ።

«ይኼ ለሠርግ ነው» አለ አያ አንማው፣ «ለሚዜ።
ቅጠል መሐል ገብተህ፣ ጥላ በጥላ ላይ ሲደረብ ያን ጊዜ፣
ገመዱን ከሐረጉ በምን ትለያለህ?
በአርባ ክንድ ከፍታ የገዛ ገመድህን ትቆርጣለህ።»

ስለ ዓይን ሲያወራ እንጅባራ ውስጥ የሚከራከረው የለም።
ግራው ከጠፋች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ያኔ እኔ ገና መጋዝ አልነካሁም።
የባሕር ዛፍ ስንጥር ናት ይላሉ፣ የጥፍር ቁራጭ የማታክል፤
ሞተሩ ሲተፋት ማንም አላያትም፤ እሱም ነገሩ ቀላል
መስሎት፣ በውሃ አጥቦ፣ ጨርቅ አስሮ፣ ግንዱን ጨርሶ ወረደ።
በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት ሄደ።

ነጩን አነሣ። አጠለቀ። እዚያው ሱቁ መሐል
አጎነበሰ፣ ራሱን ዘቀዘቀ፤ እንደ ሌሊት ወፍ መንጠልጠል
ነበር የቀረው። በደጅ የሚያልፉ ሴቶች ሳቁ።
መነጽሩ ወደቀ። «ዛፍ ላይ ሰው ቀጥ ብሎ አይኖርም፤ እነዚህ ሲወድቁ
ማን ወርዶ ያነሣል? ላስቲክ ያለው አምጣ።»
ላስቲክ ያለው መጣ።

ጣቱን በጉንጩ በኩል ሰደደ፣ በቅንድቡ በኩል ሰደደ፤
ክፍተት ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ መፍቻ አንሥቶ በጀርባው አንዴ ወረደ
መነጽሩ ላይ። ልየው ጮኸ። አልተሰነጠቀም።
እፍ ሲልበት ግን ጭጋግ ለበሰ። «ኧረ ይኼ አይሆንም፤
የእንጅባራ ጉም አንሶን ነው፣ ጉም በብር የምንገዛ?
ጎንና ጎኑ የሚተነፍስ የለህም?» ነበረው፤ በዋጋ ግን በዛ።

ቀጥሎ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሄልሜት ጋር የተጋጠመ፣
የብረት ወንፊት ወረደ፤ አቧራ የቃመ።
«ሰው በወንፊት ያያል?» ብል
አያ አንማው በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ሰው ሲምል
አልሰማህም? በዓይኔ በብረቱ ሲል?»
ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ላብ አይዘው፣ ጉም አይዘው፤ ፍላጩን ይመልሳል።
ዱቄቱን ግን ያሳልፋል።
ወንፊት መቼም ወንፊት ነው።
ከላይ እሱን፣ ከሥር መነጽሩን፤ ሁለቱንም ነው።»

ዋጋውን አሰብኩ፤ የአምስት ቀን ውሎ።
«አንዱ ይበቃኛል» አልኩ፣ ድምፄ ቀሎ።
አልመለሰልኝም። ዞሮ ብቻ አየኝ፣
በሁለቱም፣
በምታየውም በማታየውም።
ከፈልኩ።

ሰኞ ማለዳ፣ መብራት ኃይል መሥመሩን ካጠፋልን በኋላ፣
ከትምህርት ቤቱ አጥር ወደ ሽቦው የተጋደመውን ባሕር ዛፍ ወጣሁ። ከወደ ዘንገና ጉም እየመጣ፣
ገመዱ ጠበቀ፣ መጋዙ ጮኸ፣ ወፍራሙ ቅርንጫፍ ሄደ።
ከሥሩ ታፍና የኖረች አንዲት አርጩሜ
ተለቀቀች። ወንፊቱን ከሥር ሾልካ፣ ሽቅብ፣
ጧ!

ጨፍኜ ነበር? አላስታውስም።
ስገልጥ የተማሪዎቹ ሰልፍ በቦታው ነበር፣
ባንዲራው በቦታው፣
ከታች የአያ አንማው ባርኔጣ፣ በቦታው።

ወርጄ በሸሚዜ ጫፍ ልጠርገው ስል እጄን ያዘኝ፤
«ተው! ሰጋቱራ ሞረድ ነው» አለኝ።
ከጀሪካኑ ውሃ አፈሰሰበት፣
ወደ ብርሃን አንሥቶ ዞር መለስ አደረገው። አንዲት ጭረት፣
በግራው መስታወት መሐል፣ ልክ ብሌን የሚውልበት።
በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳበሳት። ቆየ።
«ሌላ ልግዛ?» አልኩት።
ዝም ብሎ ራሱ አጠለቀ፤ ዛፉን አየ፣
ሽቦውን አየ፣ እኔን አየ።

«ለእኔ» አለ፣ «አዲስ ነው።»