ያላየነው ክፍል

ቡሬ፣ ከወፍጮው ጎን፣ የአላምረው ቪዲዮ ቤት፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ጠፈር የወጣንበት።
በርበሬ ሲፈጭ በስንጥቁ እየገባ፣
መርከቧ ስትመታ ሁሉም ሰው ሲያነባ፣
«ከበርበሬው ነው» ይል ነበር እያንዳንዱ፣
ዓይኑን እየጠረገ በእጅጌው፣ በክንዱ።

«የሩቅ ኬላ» ነው ስሙ። ዛሬም አላለቀም፤
አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ ተቀድቶ አልደረቀም።
ያኔ ግን ሰባት ነበር፣ ያኔ ኦርላን ነበር፣
በአንድ ሳንባ፣ በግማሽ ነዳጅ ኮከብ የሚሻገር።
እንግሊዝኛው ባይገባን አላምረው ይፈታዋል፤
ያልሰማውን ቃል ደግሞ ከራሱ ይሞላዋል።
(በኋላ ዲሽ መጥቶ ከሥሩ ጽሑፍ ሳይ፣
ግማሹ የአላምረው ነው፤ ኦርላን የለበትም ጉዳይ።)

የሰባተኛው ማብቂያ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አምልጦ፣
ኦርላን ከብረት በር ቆሟል፣ እጀታውን ጨብጦ።
ሊስበው ነው... ሊስበው ሲል...
መብራት ሄደ።

አላምረው በጨለማ ክብሪት ጭሮ ቆመ፣
«ተቀመጡ» አለን፤ ማብቂያውን ተረጎመ፦
«በሩን ከፈተው። ከወዲያ የጠበቀው ሞት አይደለም፤
የጠፋው ልጁ ነበር፣ አድጎ፣ ሲስቅ። ሌላ የለም።»

በማግስቱ መብራት መጥቶ፣ ዴኩ እንደ በሬ አመንዥኮ፣
ክሩን ቆራረጠው፤ ያ ክፍል ሄደ በዚያው ሾልኮ።
በቢላ ፈታሁት ዴኩን፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፤
ክፍሉ ባይድንም፣ በዚያ ተጀመረ የጥገና ሕይወቴ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በሱቄ በረንዳ
ይኸው ነው ሙግታችን፣ የማያልቀው ዕዳ።
ምንይችል፣ ከዋሸራ ቅኔውን ጥሎ የመጣው፣
ኦርላንን በአንድምታ ነው ተንትኖ የሚያወጣው፦
«በር አለ፤ በር ሞት ነው። አንድም፣ በር ልደት ነው።
አንድም፣ በር በር ነው፤ ብረት ነው፤ ዝገት ነው።»
ይታይሽ፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ታቋርጠዋለች፦
«ያለ ልብሱ ከወጣ ደሙ ይፈላል» ትላለች፤
«አሥራ አምስት ሰከንድ፤ ከዚያ ወዲያ ቅኔ የለም።»
«ኦርላን ነው እኮ!»
                «ኦርላንም ቢሆን ሳንባው ብረት አይደለም።»
ናሁሰናይ፣ የእህቴ ልጅ፣ ስልኩን እየነካካ፣
«አዲሷ ካፒቴን ትበልጣለች» ካለ፣ ጠባችን አይለካ።
አንድ ጊዜ በዚሁ ነገር እንየውና በላቸው
ሁለት ፋሲካ ሙሉ አልተገናኘም ቤታቸው።

ሰኔ ላይ ናሁሰናይ ከባሕር ዳር ሲመለስ
ፍላሽ አመጣ። ያ ክፍል። ሙሉ። የትም ሳይበጠስ።
አላምረውን ጠራነው። ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ክረምት፤
ወንበር አቀረብንለት፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት።

ኦርላን እጀታውን ሳበ።
በሩ አልተከፈተም።
ጥቂት ታገለ፤ ተወው፤ ቁጭ አለ፤ ዜማ እንኳ የለም።
መብራቱ ተራ በተራ ጠፋ፤ ስም ዝርዝር ወጣ።
ይኸው ነው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ነገር የወጣ።

«እህ» አለ አላምረው፣ አንገቱን አቅንቶ፣ «ምን ሆነ?»
(እንግሊዝኛ ድሮም አይሰማ።) ዝምታው ደነደነ።
ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። አንድምታ አላመጣም።
«ከፈተው» አለ። «ልጁ ነው። ካልከው ቃል አልወጣም።»
«ይስቃል?»
        «ይስቃል።» ይታይሽ ናት የመለሰችው፣
ያቺ የአሥራ አምስት ሰከንድ፣ ቅኔውን የከለከለችው።

አላምረው ዓይኑን ጠረገ፤ «ከበርበሬው ነው» አለን።
ወፍጮው ከፈረሰ ስድስት ዓመቱ፤ «አዎ፣ በዛ ዛሬ» አልን።

ፍላሹን ነቀልኩት፤ ከብሎን መሳቢያ ጣልኩት፤
ስም አልጻፍኩበትም፣ ግን ደግሞ አላጠፋሁት።
ናሁሰናይ ብቻ፣ ከደጅ፣ ጫማውን እያሰረ፣
«አዲሷ ብትሆን በሩን...» ብሎ ሙግቱን ጀመረ።