ዐሥራ አንደኛው አንገት

አራተኛ ፎቅ ነው፣ ዐሥራ ሁለት አልጋ፤
አጅማን፤ በመስኮቱ ዓሣ ይሸታል ሲነጋ።
ዓርብ ነው፣ የዕቁብ ቀን፤ የአገር ቤት ወሬ
በየስልኩ መስኮት ይተኩሳል ዛሬ።

ዳኛችን ትርንጎ ደብተሯን ገለጠች፣
የለተኪዳንን ስም በቀይ ሰረዘች፣
«ከነሱ ጋር መብላት ዛሬ ይብቃ» አለች።

ዐሥር አንገት እሺ አለ። ተራው የኔ ነበር፣
ለሚመጣው ወር፤ ለእናቴ ቤት ማገር።
የኔም አንገት አብሮ ዝቅ ሊል ሲል ያዝኩት፤
«የኔንም ሰርዢው» ብዬ ደብተሩን ገፋሁት።

ማንም አልጮኸብኝ፤ ሳህኔን አንሥተው
ከጫማዎች መሐል አኖሩት ለይተው።

ደረጃው ላይ ወጣሁ። ኤሲው ይንጠባጠባል።
ለተኪዳን መጣች፤ ቀመሰች፤ «ጨው ያንሰዋል»
አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገርንም።
ሩዙ ግን፣ እውነቷን ነው፣ ጨው አልነበረውም።