የቦኖው አንድምታ

ፒያሳ፣ ጣልያን በሠራው፣ ቀለሙ በረገፈ ቢሮ፣
የውኃ ፈረቃ እጽፋለሁ፤ ቀበሌ በቀበሌ፣ ካምና እስከ ዘንድሮ።
ቦኖ እንላለን ቧንቧውን፤ የማን ቃል እንደሆነ ማንም አይጠይቅ፤
ሰውየው ሄደ፣ ቃሉ ቀረ፣ ሰልፍ የሚያስጠብቅ።

ከዚህ በፊት ተማሪ ነበርሁ፣ ለምድ ለባሽ፣ ቁራሽ ለማኝ፤
የኔታ ክንፉ አንዱን ቃል ባራት የፈቱልኝ፣
"ባንድ ፍች የረካ ሰው መጽሐፉን ገና አልገለጠውም" ያሉኝ።
ትርጓሜውን ሳልጨርስ ደሞዝ ጠራኝ።

ትናንት፣ በከተራ ዋዜማ፣ አዳራሹ ውስጥ ጉባኤ ነበረ፤
አንድ ምሁር ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ክርስቶስ ተናገረ።
"ፈረንጅ የሳለውን ፊት ከግድግዳችን እናውርድ" አለ፤
"በሰው አፍ የጸለይነውን በገዛ አፋችን እንበለው" አለ።
አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ፤ እውነት ነበረ።

ከኋላ አንድ ቄስ ተነሡ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፦
"እኛን ደግሞ ማን ገዝቶናል? ሮማን ይዘው የመጡትን
ፋሲል በመጡበት መንገድ አልሸኛቸውም?"
አዳራሹ ካሁን በፊቱ ይልቅ አጨበጨበ፤
ኩራት እንደ ጠላ ነው፤ ሞቅ ሲል የማይተዋወቀው ሁሉ ቀረበ።

ደብሪቱ እጇን አነሣች።
በወለቃ በኩል ናት፤ ሸክላ ትሠራለች፤
ለእንግዶቹ ልትሸጥ ደጁ ላይ ነበረች፤
ማን እንዳስገባት አላውቅም።
"እኔ መጽሐፍ አልቆጠርሁም፤ ግን ልጠይቅ" አለች።
"ቦኖው ጋ ስደርስ ጀሪካኔን በእግራቸው ገፍተው፣
ማዕተቤን ባንገቴ እያዩ
'ቡዳ ናት፣ ከቧንቧው ራቂ' ይሉኛል።
ይኼኛውስ ፈረንጅ ከየት አገር መጣ?"

ማንም አላጨበጨበም።
ማይክራፎኑ ጮኸ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ፤
"ከርእሱ ይወጣል" አለና ለሻይ ለቀቀን።

ዛሬ ከተራ ነው። ቀሃን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መልሰውታል፤
ግንቡን ያቀፈው የዛፍ ሥር እስኪደርስ ሞልቷል።
ላይ ሰፈር ግን ቧንቧው ያፏጫል፣ አየር ይተፋል።
"እንግዳ ስለሚበዛ ለሦስት ቀን ይቋረጣል"፤
ከግርጌው ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

የኔታ አንድ ቀን፣ በቀትር ጉድጓድ አፋፍ ስለ ተቀመጠው፣
ከተናቀ ወገን ሴት ውኃ ስለ ለመነው ሲያስተምሩ፦
"አንድም፣ ሥጋ መልበሱን ሲያስረዳ ተጠማ፤
አንድም፣ የተጠማው እምነቷን ነው፤
አንድም፣ ሰፈር ከሰፈር የለየውን አጥር ሊነቅል።"
እኔ ልጅ ነበርሁና፣
"እንስራዋን ጥላ ሮጠች አሉን፤ እንስራው ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ?" አልሁ።
ሳቁ። "እሱ ገና አልተተረጎመም፤ ቆይ" አሉኝ።

ሃያ ዓመት ቆየሁ።

አንድም፣ እንስራውን የሠራችው ሴት ከእንስራው አልጠጣችም።
አንድም፣ አፈር አቡክቶ ሰውን የሠራው
እጁን ሳይታጠብ በኛ ከተማ ቢያልፍ፣
ሸክላ ሠሪ ነውና ከቦኖው ይባረራል።
(ይኼንን ለየኔታ ልነግር አሰብሁ፤ ከሞቱ አራት ዓመታቸው።)

ታቦታቱ ሲወርዱ በመስኮት አየሁ።
ደብሪቱ ከሴቶቹ መሐል፣ ነጭ ለብሳ፣
እልልታዋ ከሁሉ ይረዝማል፤
ለእልልታ ሰልፍ የለውምና ማንም አልገፋትም።

መዝገቡን ገለጥሁ። ካለፈው መሥመር ሥር
"ወለቃ በር፣ ቦኖ፣ ለሁሉም" ብዬ ጻፍሁ።
ማኅተሙ ግን ጣልያን በተወው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤
ቁልፉን የያዘው ሰው ለበዓል ወጥቷል።
ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀመጥሁ።
አንድም፣