ሸክላ

መጠለያ ቁጥር አርባ አንድ፣ ሐዴራ፤
አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ወደ ታች፣
የብረት በሩ ሲከፈት እያጓራ።
የሻጋታ ሽታ። ግድግዳው ላይ የማዘጋጃ ቤት ቀይ ጽሕፈት፦
«ማጨስ ክልክል ነው።»
አጨስን።
እዚያ ነው የቀዳነው።

እኔ ቤዝ።
ከበሮው ላይ ግሪሻ፣ ከኦዴሳ የመጣ፣
ምቱ የሚስተካከለው ሲናደድ ብቻ፤
ስለዚህ እናናድደዋለን።
አርማንድ ሳክስፎን፤ የአባቱን ሥጋ ቤት ዘግቶ የመጣ፣
ጣቶቹ ላይ ቢላ የጻፈው ታሪክ ገና ያልሻረ።
ስንቅነሽ ደግሞ ቃሉን ይዛ።
አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን «ሲጋል» ብላ መዘገበቻት፤
በእናቷ ቤት ስንቅነሽ፣ በመታወቂያዋ ሲጋል፣
ማይኩ ፊት ግን ሁለቱ ሴቶች
ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ አፍ ሲጣሉ ሰምቻለሁ።

ፈንክ ነው አልን፣ ወገባችን አመነ፤
ጃዝ ነው አልን፣ አርማንድ ወጥቶ ጠፋ፣ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ፤
ፓንክ ነው አልን፣ አምፖሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።
ራፕ ነው አልን፣
ስንቅነሽ የአባቷን የደሞዝ ወረቀት አውጥታ አነበበች፦
ብርቱካን ማሸጊያ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
የተቆረጠውን ሳንቲም ሁሉ በምት ልክ፣
አንዱንም ሳትምር።
የመጨረሻው ዘፈን ላይ የውሃ ቧንቧ ይሰማል፤
ፎቅ ላይ ሰው እየታጠበ ነበር።
አልሰረዝነውም።

አምስት መቶ አሳተምን።
ሠላሳ አራት ተሸጠ፤
ከሠላሳ አራቱ ዘጠኙን የግሪሻ አክስት ገዛች፣
ጆሮዋ የማይሰማ።
የሬዲዮው ሰውዬ ገለባብጦ አየውና
«በየትኛው ሰዓት ላጫውተው?» አለን።
«ለጃዝ ሰዓት ይጮኻል፤
ለጩኸቱ ሰዓት ያስባል፤
ለአማርኛው ሰዓት ዕብራይስጥ በዝቶበታል።»
ሻይ ጋበዘን። ሻዩ ጥሩ ነበር።

እናቴ «ይህን ሁሉ ሌሊት ምን ስትሠራ ከረምህ?» አለች።
«ሸክላ» አልኳት።
ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪመጣ።
እሷ እኮ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ወለቃ ሳለች፤
ቀን ገንቦዋን ይዘው «እጅሽ ይባረክ» ሲሉ፣
ማታ ዐይኗን ፈርተው በር ይሸጉራሉ።
ጥቁሩን ክብ ተቀበለችኝ፤
ጆሮዋ ሥር አስጠግታ በጥፍሯ አንኳኳችው፤
የተሰነጠቀ እንደሆነ ድምፁ ያጋልጠዋልና።
«በስሏል» አለች።
«ስንት ቀረህ?»
«አራት መቶ ስልሳ ስድስት።»
ዝም አለች። ቆይታ፣
«እኔ ያልተሸጠውን አዝዬ ዳገት እወጣ ነበር፤
አንተ ቁልቁለት ነው ያለህ፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ።»

ሳጥኖቹን አወረድን፤ እዚያው ቀሩ።
ግሪሻ አሳንሰር ጠጋኝ ሆነ፤
አርማንድ ሥጋ ቤቱን መልሶ ከፈተ፤
ስንቅነሽ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ናት፣
ደረቷ ላይ «ስንቅነሽ» ተብሎ ተጽፏል፣
ዶክተሮቹ አሁንም ይሰናከሉበታል፣ አታግዛቸውም።
እኔ አውቶቡስ እነዳለሁ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲረን ጮኸ።
ሰፈሩ በፒጃማ ወረደ፤ ነጠላ ጫማው ግራና ቀኝ ተለዋውጦ፣
ፀጉሯን በቢጉዲ የጠቀለለች ሮማንያዊት፣
ድመቷን በፎጣ የጠቀለለች ልጃገረድ፣
ማዶ ቤት ያሉት፣ ለሰባት ዓመት ሰላም ያላሉን።
ወንበር አልነበረም።
ሳጥኖቹ ላይ ተቀመጡ።
እኔ ቆሜ ቆጠርኳቸው፣ ስድሳ ሁለት ሰው፤
ስንጫወት እንኳን ይህን ያህል መጥቶልን አያውቅም።

አንድ ትንሽ ልጅ በተረከዙ ሳጥኑን ይመታል፣
ዱም፣ ዱም፣ ታ።
የሁለተኛው ዘፈን ምት ነው፤
ወይም የተጨነቀ ልጅ ሁሉ እንዲያ ይመታ ይሆናል።
«ውስጡ ምንድን ነው?» አለ።
አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፣
በተሰባበረ ዕብራይስጧ፦
«ሸክላ ነው። ቀስ በል፣ ይሰበራል።»
ልጁ እግሩን ሰበሰበ።
ላይ፣ ሩቅ፣ የሆነ ነገር ፈነዳ፤
ከዚያ ጸጥታ፤
ከዚያ ግድግዳው ውስጥ፣ ያ ቧንቧ፣
ያንኑ ኖታ ይዞ።