ሻንጣ ሳይዘጋ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ መስኮቱን በረዶ አልብሶታል፣
የክፍሉ ማሞቂያ እንደ ሽማግሌ ይስላል።
አሥራ አንድ ፓስፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድሯል፤
አንዱን ሻይ ነክቶታል፤ የቲሞን ነው፣ ሌላ የማን ይሆናል?

«መምህርት፣ ሙቀቱ ምን ያህል ነው?»
«ብዙ።»
«ዣንጥላስ?»
«ያዙ።»
«ለቢንቢውስ?»
«የሚያባርር ቅባት ግዙ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ካርታ ሰቅዬ ካርታ አውርጃለሁ፤
ቀዩን ወንዝ በአርጩሜ ጫፍ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ፣
ጫማዬ ሳይርስ።
ስለ ቬትናም መጽሐፌ የሚያውቀው ጎሽና ሩዝ፣
ገበሬው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ፣ ሰማዩ ድብዝዝ።
ሳስነብብ ካሊና እጇን አወጣች፦
«መምህርት፣ ይሄ መጽሐፍ እናቴን በዕድሜ ይበልጣል፤
አሁን እዚያ ባቡሩ ከጣሪያ በላይ ያልፋል» አለች።
ዘጋሁት።
ጠመኔውን ትዊ እጅ ላይ አኖርኩት።

ትዊ የተወለደችው እዚሁ ፖላንድ፣ እዚሁ ዉጅ ከተማ፣
አባቷ ከገበያው ጀርባ ሱቅ አለው፤ ካልሲና ፒጃማ።
ሰሌዳው ፊት ቆማ ስድስት ቃና አስተማረችን፣
አንዷ «ማ» ስትወጣ፣ ስትወርድ፣ ስትሰበር አሳየችን፤
ሲያሻት እናት፣ ሲያሻት መቃብር፣ ሲያሻት የሩዝ ቡቃያ።
እናቴን ልጠራ ስል መቃብር ብዬ፣ ሆንኩ የልጆች መሳቂያ።
«ግድ የለም» አለች፣ «እኔም አያቴን በስልክ ፈረስ እላታለሁ፤
እዚያ ስደርስ እንደናንተው እንግዳ ነኝ። እፈራለሁ።»

የምንሄደው ናም ዲን ነው፣ የድርና የማግ አገር፤
የኛም ከተማ ድሮ እንዲሁ ነበር።
ዉጅ ማለት ጀልባ ነው፤ ወንዟን ግን ከመንገድ በታች ቀብረነዋል፤
ከትምህርት ቤታችን ማዶ የቀይ ጡቡ ጭስ ማውጫ ጭስ ረስቷል፤
ውስጡ ዛሬ ሲኒማ፣ አይስክሬም መሸጫ።
ጥያቄ ጻፉ አልኳቸው።
ኦሊቪየር፦ «ደመወዛቸው ስንት ነው? የትርፍ ሰዓትስ ይከፈላል?»
ካሊና፦ «ከፋብሪካው የሚወጣው ቀለም የት ሄዶ ይፈሳል?»
ቲሞን፦ «ምሳ?»

ጌኖቬፋ መወልወያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ኖሯል፤
ወለላችንን ስታጥብ፣ ትምህርት ስታቋርጥ ማን አይቷል?
«ሽመና ቤቱን ታያላችሁ?»
«እናያለን።»
«በአሥራ ሰባት ዓመቴ ገባሁ፤ አዳራሹ መቶ መኪና ነበረው፤
ሰው ጆሮውን ውጭ ጥሎ ይገባል፤ የምንግባባው በከንፈር ነው።
ሐሜት በከንፈር፣ ጠብ በከንፈር፣ ምርቃቱም በከንፈር፤
ዘፈን እንኳ በዓይናችን ነበር የምንሰማው፣ ስንሠራ ስናድር።
አንድ ሰኞ ስንመጣ በሩ ተቆልፏል።
መኪኖቹን በመርከብ ጫኗቸው አሉን። ወዴት? ማን ያውቃል?
ጩኸቱ አይደለም፣ ጸጥታው ነው ጆሮዬን የወሰደው።
ስልካችሁ ድምፅ ይይዝ የለ? ቅዱልኝ።
አንዲት ጆሮ ቀርታኛለች፤ በሷ ልስማው።»

ቲሞን፣ ጻፍ ሲሉት የማይጽፈው፣ ጻፈ።
ትዊ ግን እስክሪብቶዋን ነክሳ፣
«የሽመና መኪና... ቃሉ ጠፋኝ» አለች፣ ስልኳን አነሣች።
ከካልሲው ክምር መሃል የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «ማይ ዜት።»
አሥራ አንድ አፍ፣ ማይ ዜት፣ ማይ ዜት፣ አሥራ አንድ ዓይነት ስህተት።
ጌኖቬፋ ከበሩ ሆና ከከንፈራቸው ላይ ለቀመችው፤
«ማይ ዜት» አለች አጥርታ፤ ቃናውን ብቻ ሳተችው።
«ቃናው በከንፈር አይታይም» አለች ትዊ፣ ቀስ ብላ።
«እንግዲያ ቃናውንም ጨምሩልኝ» አለች፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ።

ደወሉ ተደወለ። ፓስፖርቶቹን ቆጠርኩ፦ አሥር።
ቲሞን ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፣ ከወንበሩ ሥር።