ቴስታው እስኪበርድ

ደንገጎ እኩሌታው ላይ መርፌው ቀዩን ነካ፤
ጉልበት ከዳት፣ ድምጿ ወፈረ፣ ጠምቷት ኖሯል ለካ።
ጥግ ይዤ አቆምኩ። ረዳቴ ዚያድ ታኮ ይዞ ወረደ፤
እንፋሎቱ ከኮፋኖው ሥር እያፏጨ ተሰደደ።

«ክዳኑን እንዳትነካ!» አልኩ፤ ያባቴ ክንድ ጠባሳ ታወሰኝ፣
ይህችኑ ፔጆ ቸኩሎ ሲከፍት የተረፈው፤ ያወረሰኝ
እሷንና አንድ ምክር ነው፦
ትኩስ ነገር አይከፈትም።

ተሳፋሪው በአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተጠጋግቶ፣
አንዱ ቴርሞስታት ነው ይላል፣ አንዱ ፖምፓው፣ ሌላው ዓይን በልቶ።
ከሽንሌ የመጣችው ወተት ሻጭ ብቻ ምንም አላለች፤
የጄሪካኗን ውሃ ለመኪናዋ፣ ለእኔ ዝምታዋን ሰጠች።

አራት ሊትር ጠጣች። ትናንት አራት፣ ከትናንት ወዲያ ሦስት።
መሬት ላይ ጠብታ የለ፤ ታዲያ ውሃው የሚገባው ወዴት?
ይህን ጥያቄ ሁለት ወር ሙሉ በጄሪካን ሸፍኜዋለሁ፣
«ራዲያተሯ አርጅታ ነው» እያልኩ ላሳፈርኩት ሁሉ ዋሽቻለሁ።

ሳይመሽ ፊቷን አዙሬ፣ ፎሌ ለቅቄ፣ በፍሬን ብቻ
ወረድኩ፤ የድሬ ሙቀት ከታች ጠበቀኝ፣ አፉን ከፍቶ እንደ ስልቻ።

ገንደ ቆሬ፣ ደቻቱ አሸዋ ዳር፣ ኡስታ ቢላል ጋራዥ አለው፣
በሩ የአሮጌ ፉርጎ ሳንቃ፣ ወለሉን ዘይት የበላው።
አልጠየቀኝም። ማኒኮቶውን ጨበጠ፤ እንደ ክንድ ደንድኗል።
ጭስ ማውጫው ላይ መዳፉን ዘረጋ፤ ሲመልሰው ረጥቧል፣
ጭሱም ነጭ ነው። ከዚያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፤
ሦስቱ ጥቀርሻ የለበሱ፣ አራተኛዋ ግን እንደ ሠርግ ማታ
ታጥባ የወጣች።
«ይህችን ንጽሕና አልወደድኳትም» አለ።
የዘይቱን ክዳን ገለበጠው፤ ከሥሩ አረፋ፣ ወተት የመሰለ።
«አቦ፣ ላም ነው እንዴ የምትነዳው?»
ሳቀ፤ ፊቴን አየና ዝም አለ።

«ጓርኒሲዮን ነች… መሰለኝ» አለ፣ ቃሉን በጥንቃቄ ፈልጎ፣
ያደፈ ጨርቁን እንደ ሽርጥ ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ።
ከሞተሩና ከቴስታው መሃል የምትተኛ፣ የሳሳች ቆርቆሮ፣
እሳትና ውሃ ጎን ለጎን በእሷ የሚዘልቁት ኑሮ።
ማንም አያያትም። አንድ ጥግ ላይ ስትቃጠል ግን እሳት ውሃን ይገፋል፣
ውሃም በእሳት በር ይገባል፤ ሜዳ የሸሸገውን ዳገት ያወጣዋል።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት፤ እንደ በሽተኛ፣ «አይደለሁም» እንዲለኝ።
«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብሎ ተረት መለሰልኝ።
«ሲበርድ እንከፍታታለን። ቴስታው ካልተጣመመ አላህ ይወድሃል፤
ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይላጫል፤ ኪስህም አብሮ ይላጫል።»

ሲበርድ!
በድሬ፣ በግንቦት፣ ምን በርዶ ያውቃል?
ፀሐይ ከገባች ስንት ሰዓቷ፤ ግድግዳው ገና ይተነፍሳል።
ዚያድ አንሶላውን ውሃ ነክሮ ግቢው መሃል ተጋደመ፤
ሳይተኛ ደረቀበት፤ እያጉረመረመ ደግሞ ነከረ፣ ደገመ።

እኩለ ሌሊት ተነሥቼ መዳፌን ቴስታው ላይ አሳረፍኩ፤
ሞቅ ይላል።
ግድግዳውን ነካሁ፤ ሞቅ ይላል። ግንባሬን ዳሰስኩ፤
ሞቅ ይላል።
የቱ ትኩሳት የማን እንደሆነ የሚለይልኝ አጣሁ።
እጄ በልማዱ ጄሪካን ፍለጋ ሲሄድ አየሁ፣
ሙሉ ነው፣ እግሬ ሥር።

አልነካሁትም። ከደቻቱ ማዶ አንድ ውሻ ይጮሃል።
ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።
ይበርዳል፣ አልኩ፤ አንድ ጊዜ ይበርዳል።