ሸክላ አይዋሽም

ደወሉ ሳይጮህ፣ ቦርከና ላይ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣
ጦይባ ናት ቀድማ የምትመጣ፣ የቁልፍ ዘለላዋን ስታንቀጠቅጥ።
የመጋዘኑን መስኮት ከፍታ፣ መዝገቧን ዘርግታ፣
ቆብ ትቆጥራለች፣ ከሚስማሩ አውርዳ፣ በመዳፏ አንስታ።
ቢጫው ለእኛ ነው፤ ነጩ ለመሐንዲስ፤ አረንጓዴው ለእንግዳ፤
ለአናት ግን ቀለም ምኑ ነው፣ ከክሬን ላይ ሲወርድ ዱብዳ?

«ና እብሬ» ትለኛለች፣ «ራስህን ስጠኝ ልለካ»፤
በልብስ ሰፊ ሜትር ግንባሬን ትዞራለች፣ ጆሮዬን ሳትነካ።
«ሃምሳ ስምንት» ብላ ትጽፋለች፤ የውስጡን ቀበቶ
ታጠብቃለች፣ ጥርስ በጥርስ፣ እስኪይዝ ተጎትቶ።
«ጎንበስ በል! ነቅንቅ! አልወደቀም? እንግዲህ ያንተ ነው።
በአናትህና በቆቡ መሃል ሁለት ጣት ክፍተት ተው፤
እዚያ ሲጋራ፣ እዚያ ስልክ፣ እዚያ ጫት አትሸጉጥ፤
ባዶው ነው የሚያድንህ፤
ባዶውን አትሽጥ።»

ጦይባ የባቲ ልጅ ናት፤ እናቷ ሸክላ ሻጭ ነበሩ፤
ሰኞ ገበያ ላይ ሴቶቹ ገንቦ ሊገዙ ሲከራከሩ፣
በጣት አንጓ ኳ አድርገው ጆሮ ይሰጣሉ፤
ጥርት ያለውን ይገዛሉ፤ ያጉረመረመውን ይተዋሉ።
«ሸክላ አይዋሽም» ትላለች፤ «ቢሰነጠቅ አይደብቅም፤
ፕላስቲክ ግን ይዋሻል፤ ውስጡ ሞቶም ድምፁ አይለወጥም።

በቤንዚን አታጽዳው፤ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙና፣ በጨርቅ፤
ቀለም አትቀባው፤ ቀለም ስንጥቁን ነው የሚደብቅ።
ፀሐይ ላይ አትተወው፣ ከመኪና መስታወት ሥር አትጣለው፤
የተሠራበትን ዓመት ከጠርዙ ሥር ገልብጠህ እየው።»
ልደቱ የተጻፈለት ቆብ! እኔ የራሴን አላውቅም፤
እናቴም «ውርጭ ባቄላውን የበላ ለት» ከማለት አታልፍም።

ኅዳር ላይ ነው፤ ቀትር፤ ከክሬኑ ክንድ ላይ ብሎን ተፈታ፤
አውራ ጣት ታህል ነበረች፤ ስትደርስ ግን እንደ መጅ ነው የምትመታ።
ጉልበቴ ታጠፈ፤ ምላሴን ነከስኩ፤ አፌ ደም ደም አለ፤
ቀና ስል አበጋዝ ከፊቴ «አለህ ወይ? አለህ ወይ?» እያለ።
አለሁ።
ቆቤም አለ፤ ላዩ ላይ ጥፍር የጫረው ያህል
ጭረት ብቻ፤ ሌላ ምንም፤ አዲስ ነው ብለህ ልትምል።
ሳምኩት። ወላሂ ሳምኩት። ዳግም ከሱ አልለይም ብዬ፣
ጡረታ ስወጣም ልሰቅለው፣ ካልጋዬ በላይ፣ ከራስጌዬ።

ጦይባ ግን እጇን ዘረጋች። «አምጣው» አለች። አላመነታች።
አንኳኳችው፤ ጆሮ ሰጠችው፤ ኳ አለ፤ ራሷን ነቀነቀች።
«ይሄን ድምፅ ነው የማላምነው። አንዴ ከተመታ አይደገምም፤
ላንተ ሞቷል፤ ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ሰው አይሞትም።»
«ስሚ እንጂ! ያዳነኝን?» «ያዳነህን።» መጋዝ ከመሳቢያ መዘዘች፤
ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ እንደ ዱባ፣ ለሁለት ገመሰች።

ተሳደብኩ። ያልኩትን አልደግመውም፤ አፈርኩበት ኋላ።
እሷ ዝም ብላ መዝገቧን ገለበጠች ወደ ኋላ፤
አንድ ስም፤ ከማል ብርሌ፤ ከጎኑ «የተመለሰ ቆብ» ይላል፤
ማን እንደመለሰው፣ ተመትቶ እንደሁ፣ አልተጻፈም፤ ቦታው ባዶ ውሏል።
«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። ድምጿ እንደ ወትሮው ደህና።
ሰውም እንደ ፕላስቲክ ነው ለካ፣ ሲያንኳኩት አይታወቅምና።

አዲስ ሰጠችኝ፤ ዓመቱን አሳየች፤ ለካች፤ «ጎንበስ በል» አለች።
የተገመሰውን ለመንኳት፤ ስቃ ግማሹን ለቀቀች።
አሁን ግቢዬ ውስጥ አለ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ተደግፎ፣
ጭረቱን ወደ አፈር አዙሮ፣ የዶሮ ውኃ አቅፎ።
አውራው ጎንበስ ብሎ ይጠጣል፤ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፤
ልክ እንደ እኔ ክሬኑ ሥር፤ ከላይ ደግሞ ምን ይመጣል?